የቆርቆሮ አጥሬን በብሎኬት ልቀይር ነው፤ ፈቃዱ፣ ወሰኑ፣ ከፍታው እንዴት ነው? (የገጠርም ጥያቄ አለኝ)

ደጃፍ_ጠባቂ
ሰላም ለዚህ ቤት። ግቢያችን የታጠረው በቆርቆሮ ነው። ከታች ዝገት በልቶታል፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እንደፈለገ ይገባል ይወጣል። ክረምት ሳይገባ በብሎኬት ልቀይረው አስቤያለሁ። ሦስቱ ጎን ጎረቤት ነው፣ ፊት ለፊቱ መንገድ። ካርታ አለን። ግንበኛው «ለአጥር ደግሞ ምን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ቅዳሜና እሁድ ገጭ እናደርገዋለን» ይለኛል። ባለቤቴ ግን ደንብ ማስከበር መጥቶ ያፈርስብናል ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ከፍታውንም አንዱ 2 ሜትር፣ ሌላው 2 ሜትር ተኩል ይለኛል።

ሁለተኛው ጥያቄ የአባቴ የገጠር መሬት ነው። ከብት እየገባ ቡቃያውን ይጨርሰዋል። በየዓመቱ እሾህ መቁረጥና ማጠር ሽማግሌውን አድክሞታል። በሽቦ ማጠር ይቻላል? የሚጠየቅ ሰው አለ? የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ኮርኒስ
ቅዳሜና እሁድ የሚል ግንበኛ ምን እያለህ እንደሆነ ገብቶሃል አይደል? ቢሮ ዝግ ነው እያለህ ነው። ሰኞ ሲከፈት እሱ ሌላ ሳይት ላይ ነው፣ አንተ ግን አጥሩ ሥር ነህ።

ጠበቃ_ነኝ_ግን
ወንድሜ፣ መጀመሪያ የከተማውንና የገጠሩን ለያይ። የሚገዛቸው ሕግም፣ የምትሄድበት ቢሮም አይገናኝም።

ከተማ ከሆነ መነሻው የሕንፃ አዋጁ ነው፣ ቁጥር 624/2001፣ ከዚያም ደንቡ 243/2003። አዋጁ ሲወጣ 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላቸውን ከተሞች ታሳቢ አድርጎ ነው፣ ከዚያ ያነሱት በክልላቸው ውሳኔ ነው የሚገቡት። ግንባታ ልጀምር ያለ ሰው የይዞታ ማስረጃውን ይዞ ፈቃድ ይጠይቃል። በአዋጁ ቋንቋ ፈቃድ የሚሰጠው «የሕንፃ ሹም» ይባላል፣ በተግባር ግን አንተ የምታገኘው የወረዳህን ወይም የክፍለ ከተማህን የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ነው። የአጥር ሥራ እዚያ ራሱን የቻለ ቀለል ያለ ፈቃድ አለው። እንደ ቤት ሙሉ ዲዛይን አምጣ አትባልም፣ ካርታህንና የምትሠራበትን መስመር የሚያሳይ ንድፍ ይዘህ ነው የምትሄደው።

ከፍታውን በተመለከተ ደግሞ እዚህ ገብቶ አንድ ቁጥር የሚሰጥህን ሰው አትመን። በየከተማው መመሪያ ይለያያል፣ በመንገድ በኩልና በጎረቤት በኩል ያለውም አንድ ላይሆን ይችላል። አንተን የሚይዝህ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። 2 ሜትር ተብሎ ተጽፎልህ 2 ሜትር ተኩል ከሠራህ ጎረቤት ሁሉ 3 ሜትር አለው ብለህ አትከራከርም።

ቆርቆሮ_ለዘላለም
ኧረ ባካችሁ ሰውየውን አታስፈራሩት። ሰፈራችን ውስጥ ካሉት አጥሮች ፈቃድ ያለው አንድም የለም። ሁሉም ዝም ብሎ ነው የሠራው፣ ማንም አልጠየቀም። ቢሮ ከሄድክ ነው ጣጣው የሚመጣው። ካርታህ ይታይ፣ ግብርህ ይታይ፣ ውዝፍ አለብህ፣ ሳይት እንየው… አጥር ልሠራ ሄደህ ፋይልህ ተከፍቶ ትመለሳለህ።

ኮርኒስ
@ቆርቆሮ_ለዘላለም ማንም አልጠየቀም ማለት ማንም አይጠይቅም ማለት አይደለም። ጎረቤት እስኪጣላህ ድረስ ነው ሰላሙ። የሚጠቁምብህ እኮ ደንብ አስከባሪ አይደለም፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሰው ነው።

ጠበቃ_ነኝ_ግን
ኮርኒስ ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ተቀምጧል። የአንተ የሚባለው በላዩ ላይ የሠራኸው ነው። ነገ መንገድ ይሰፋል ተብሎ ቦታው ቢነሳ ካሳ የሚታሰብልህ በሕጋዊ መንገድ ለሠራኸው ንብረት ነው፣ አዋጅ 1161/2011ን አንብበው። ፈቃድ የሌለው የብሎኬት አጥር ያን ቀን ይቆጠርልሃል ብለህ ልብህን አትጣል። «ፋይሌ ይከፈታል» ብሎ የሚሸሽ ሰው ደግሞ አጥር ሠራም አልሠራም ፋይሉ አንድ ቀን መከፈቱ አይቀርም፣ በተለይ የካዳስተር (የመሬት ወሰንና ባለይዞታ) ምዝገባ ሲደርስበት።

ቀያሹ
ሁላችሁም ስለ ፈቃድና ስለ ከፍታ ታወራላችሁ። በሥራዬ የማየው ግን ሌላ ነው። ሰው በከፍታ አይካሰስም፣ በመስመር ነው የሚካሰሰው። አጥርህ ሦስት ሜትር ቢሆን በማግስቱ ትቀንሰዋለህ። መስመሩ ሠላሳ ሳንቲ ከገባ ግን ከነመሠረቱ ነው የሚነሳው።

ስለዚህ ብሎኬት ከመግዛትህ በፊት ወሰን አስለካ። ካርታህ ላይ የማዕዘኖቹ ኮኦርዲኔት በሰንጠረዥ ተጽፏል፣ ኤክስና ዋይ የሚለው። እሱን ይዞ ባለሙያ በቶታል ስቴሽን (የቀያሽ መለኪያ መሣሪያ ነው) ወይም በትክክለኛው ጂፒኤስ መሬት ላይ ያወርድልሃል፣ በየማዕዘኑ ችካል ይመታል። በስልክህ ጂፒኤስ ልሞክረው እንዳትል። የስልክ ጂፒኤስ ሜትሮች ይስታል፣ አንተ የምትጣላው ደግሞ በሳንቲ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ብዙዎቹ የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የቅየሳ መነሻ (ኮኦርዲኔቱ በሚቆጠርበት መሠረት) ነው፣ ስልክና ተራ ጂፒኤስ ደግሞ በደብልዩ ጂ ኤስ 84 ነው የሚያነቡት። ሁለቱን ያላስታረቀ ሰው የካርታህን ቁጥር እንዳለ ስልኩ ላይ ቢያስገባ ቦታህ ሌላ ብሎክ ውስጥ ይታየዋል። «ካርታችን የሰው ግቢ ላይ ነው የወጣው» እያለ ደንግጦ የሚደውልልኝ ሰው ብዙ ነው። ካርታው ደህና ነው፣ መነሻው ነው ያልተገጠመው።

ችካሉ ሲመታ ሦስቱም ጎረቤቶች ቆመው ይዩ። ይሄ ከመሣሪያው እኩል ነው።

ብሎኬት20
ቀያሹ በሄደበት ልቀጥል። እኔ ግንበኛ ነኝ፣ አጥር በብዛት ሠርቻለሁ። ችካል ተመታ፣ ክር ተወጠረ እንበል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ክሩ ላይ የብሎኬቱን ፊት አሰልፎ ልክ ነኝ ይላል። ከመሬት በላይ ልክ ነው። ግን የድንጋይ መሠረቱ 60 ሳንቲ ስፋት አለው፣ ብሎኬቱ 20 ነው። መሃል ላይ ካስቀመጥከው በየጎኑ 20 ሳንቲ መሠረት ይተርፋል። የጎረቤት በኩል ያለው 20 ሳንቲ ከአፈር በታች የሱ ግቢ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ዛሬ አይታይም። እሱ ሰርቪስ ቤት ሊሠራ ሲቆፍር ዶማው ድንጋይህ ላይ ያርፋል፣ ያኔ ታሪኩ ይጀምራል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ መሠረቱን ሙሉ በሙሉ በራስህ በኩል አውርደህ ብሎኬቱን ወደ ጠርዝ ታደርገዋለህ፣ ግን ይሄኔ ግድግዳው ወደ ጎረቤት እንዳያዘነብል ኮለንና ቢም (ቋሚውና አግዳሚው ኮንክሪት) በደንብ መታሰር አለበት። ወይ ደግሞ ከጎረቤት ጋር ተስማምታችሁ አጥሩ መሃል ወሰን ላይ ይቀመጣል፣ ወጪውን ትካፈላላችሁ፣ ወረቀት ትፈራረማላችሁ። እኔ ሁለተኛውን ነው የምወደው። ለሁለታችሁም ይረክሳል፣ ቦታም አትበሉም።

ደግሞ አፈርህ ምንድን ነው? መረሬ (ጥቁር አፈር) ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። መረሬ ላይ ከላይ ከላይ ቆፍሮ ብሎኬት የደረደረ ሰው በሁለተኛው ክረምት አጥሩ ላይ የመብረቅ ሥዕል የመሰለ ስንጥቅ ያያል። ጠንካራ አፈር እስኪገኝ ቁፈር፣ በየሦስት ሜትሩ ገደማ ኮለን አቁም፣ ከታችም ከላይም ቢም ይዞር። ቁልቁለት ከሆነ መሠረቱን በደረጃ አውርደው፣ አንዴም በተዳፋት አታውርደው።

ውሃውንም አትርሳ። ቆርቆሮው ከሥሩ ክፍት ስለነበር ጎርፉ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። ብሎኬት ስታደርገው ግን ግድብ ነው የሠራኸው። ከላይ ያለው ጎረቤት ግቢ ይሞላል፣ ወይ አጥሩ ይገፋል። የተፈጥሮ መውረጃው ጋ ከታች ቀዳዳ ተው፣ ቱቦ ቅበር።

እቴቴ_ጉለሌ
ልጄ ደጃፍ ጠባቂ፣ ሁሉም የነገሩህ ጥሩ ነው። እኔ የምልህ ብሎኬቱን የጫነው መኪና ሰፈር ሳይደርስ በፊት ጎረቤቶችህን ቤት ጥራቸው። ቡና ይፈላ። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጋው። ሰው አጥር ሲነሳበት ሳይነገረው ካየ ነገሩ አጥር መሆኑ ቀርቶ ንቀት ይሆናል። እኛ ሰፈር ሁለት ሰዎች በአጥር ተጣልተው ለቅሶ ላይ እንኳ አይነጋገሩም። ዕድሩ ስንት ጊዜ ሽማግሌ ላከ መሰለህ።

ደጃፍ_ጠባቂ
እግዜር ይስጥልኝ እቴቴ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፈቃድ ላውጣ ወስኛለሁ፣ ባለቤቴም እፎይ ብላለች። ግን ቀያሽ መጥቶ ለካና አዲስ ነገር ወጣ። በምዕራብ በኩል ያለው ቆርቆሮ ካርታው ከሚለው መስመር 40 ሳንቲ ገደማ ወደ እኛ ገብቷል። ማለትም 40 ሳንቲ ስፋት ያለው የእኛ ቦታ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ነው። ጎረቤታችን «ቆርቆሮው ስንት ዘመን የቆመበት ነው ወሰኑ፣ ካርታህን ራስህ ጋ ያዘው» አሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ክፉ ሰውም አይደሉም። ወንድሜ ግን «ቆርቆሮውን ነቅለን ካርታው ላይ እንገንባ፣ ሕጉ ከኛ ጋር ነው» ይላል። ምን ላድርግ?

ጠበቃ_ነኝ_ግን
ወንድምህን ያዘው። በሕግ አምላክ ያዘው።

የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ (የ1952ቱ) ይዞታን ከባለቤትነት ለይቶ ነው የሚጠብቀው። ያቺን 40 ሳንቲ ዛሬ በእጃቸው ያደረጉት ጎረቤታችሁ ናቸው። ካርታህ ምንም ቢል፣ በጉልበት ቆርቆሮውን ነቅለህ ከገባህ እሳቸው አንቀጽ 1149ን ይዘው «ሁከት ይወገድልኝ» ብለው ይከሱሃል። ፍርድ ቤቱ በዚህ ክስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን ይዞት ነበር፣ ማን ነካው የሚለውን ነው። ሕጉ ከእኔ ጋር ነው ብሎ የገባ ሰው ተከሳሽ ሆኖ ይወጣል። እንዲያውም አንቀጽ 1148 ይዞታው የተነካበት ሰው ወዲያው በተመጣጠነ ኃይል እንዲከላከል ይፈቅዳል። ወንድምህ መዶሻ ይዞ ሲገባ የሚሆነውን አስበው። የወሰን ምልክት ማንሳት ደግሞ በወንጀልም የሚያስጠይቅ ነው።

አንቀጽ 1149 በተቃራኒውም ይሠራል። አንተ በይዞታህ ሥር ባለ ቦታ ላይ ሰው አጥር ገፍቶ ከገባብህ የሁከት ክስ የሚቀርበው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። «ጎረቤት ነው፣ ቆይ በኋላ እንነጋገራለን» እያለ ሁለት ዓመት ያሳለፈ ሰው ያን አቋራጭ መንገድ አጥቶታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የባለመብትነት ክርክር ነው፣ ረጅምና ውድ።

ያንተ ነገር የካርታ ጉዳይ ስለሆነ መንገዱ ይሄ ነው። ካርታህ የመብት ግምት ይሰጥሃል (አንቀጽ 1195)፣ ግን ግምት ነው፣ ተቃራኒ ማስረጃ ሊቀርብበት ይችላል። የጎረቤታችሁን ካርታ እዩት። የሁለቱ ካርታ መስመር አንድ ከሆነ ነገሩ ግማሽ አለቀ። ካልገጠመ ለሁለታችሁም የማያዳላ የመሬት ቢሮው ባለሙያ ወርዶ ያስታርቀዋል። የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ (818/2006) ወሰን በአዋሳኞች ፊት እንዲረጋገጥ የፈለገው እኮ ለዚሁ ነው።

ቀያሹ
ከመጣላት በፊት አንድ ነገር ጠይቅ። ያንተ ካርታ መቼ ነው የተሠራው? አንዳንድ የድሮ ካርታዎች በሜትር ተለክተው በእጅ የተሳሉ ናቸው፣ በኋላ ነው ወደ ኮኦርዲኔት የተቀየሩት። እንደዚያ ከሆነ 40 ሳንቲ የሚሉት ነገር የስህተት ኅዳግ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። በእሱ ወንድምህ መዶሻ ያንሳ?

ቆርቆሮ_ለዘላለም
አያችሁ፣ ባይለካ ኖሮ ሁሉም በሰላም ይኖር ነበር 😂

ኮርኒስ
ይሄን እንኳ በሳቅ አለፍኩት። ባይለካ ኖሮ ብሎኬቱ የገቡበት መስመር ላይ ይቆምና እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ወሰን ይሆን ነበር። አሁን ቢያንስ የሚያወራው ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል።

እቴቴ_ጉለሌ
ሰውየው ትልቅ ሰው ናቸው ብለሃል። ካርታ ይዘህ አትሂድባቸው፣ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ። ከዕድሩ ሁለት ሰው፣ ከሳቸው ወገን አንድ ሰው። «ጋሼ፣ አጥሩን በጋራ ብንሠራው ለእርስዎም ብሎኬት ይሆንልዎታል» በላቸው። ቆርቆሮ ያለው ሰው ብሎኬት አይጠላም።

የባላገር_ልጅ
የገጠሩ ጥያቄ ተረሳ። እኔ ልመልስ።

አባትህ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አላቸው? ሁለተኛው ደረጃ ደብተር ከሆነ ማሳው ካርታ አለው፣ ማዕዘኑና አዋሳኞቹ ተጽፈዋል። የመጀመሪያው ደረጃ ደብተር ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ የአዋሳኞች ስም ብቻ ነው ያለው፣ «በምሥራቅ እከሌ፣ በምዕራብ ወንዝ» የሚል። ሽቦ ከመግዛታችሁ በፊት የቀበሌውን የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ጥሩና ወሰኑን ይዩላችሁ። የገጠር መሬት አሁን በአዋጅ 1324/2016 ነው የሚተዳደረው፣ ዝርዝሩ በየክልሉ ደንብ ነው። እንደ ከተማ የሕንፃ ፈቃድ አምጣ የሚል ሰው እምብዛም አይገጥምህም፣ ግን ወሰን ላይ ኮሚቴው ሳያየው የተተከለ ቋሚ ነገር ሁሌ ነገር ያመጣል።

ዋናው ችግር ግን መንገድ ነው። ገጠር ውስጥ የከብት መውረጃ፣ የውሃ መቅጃ፣ የቤተ ክርስቲያን መሄጃ የሚባል መንገድ በወረቀት ላይ የለም፣ በእግር ነው ያለው። ሰው ሁሉ በአባትህ ማሳ ዳር አድርጎ ምንጭ የሚወርድ ከሆነ እሾህ አጥር ሲሆን እየዘለለ፣ በመግቢያ እየሾለከ ያልፍ ነበር። እሾሃማ ሽቦ በአራት ረድፍ ስትወጥርበት መንደሩን ዘጋህበት። ያን ቀን ከብት ሳይሆን ሰው ነው የሚመጣብህ። መተላለፊያውን ከውጭ አስቀሩት፣ ካልሆነም በር ተዉበት። የመስኖ ቦይም ካለ እንደዚያው፣ ከታች ያለው ሰው ውሃ በዚያ ነው የሚደርሰው።

ሰንሰል
የባላገር ልጅ በሰጠው ላይ ልጨምር። ሽቦ ለምን? ተክል አጥር አስቡ። ሽቦ ምሰሶው በምስጥ ያልቃል፣ ሽቦው ይሰረቃል። እኛ ጋ ሰንሰል ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጥል ቅርንጫፉን ክንድ ተኩል አድርገህ ቆርጠህ፣ አጠጋግተህ ትተክላለህ፣ መሃሉን በልጥ ወይ በቀርከሃ ታስረዋለህ። ከብት ቅጠሉን ብዙም አይፈልገውም፣ እስኪጸድቅ ብቻ ጠብቀው። ቆላ ከሆነ ቅንጭብ የተሻለ ነው፣ ድርቅ አይነካውም። የቅንጭብ ቁራጭ ወዲያው አይተከልም፣ ወተቱ እስኪደርቅ ጥላ ሥር ይሰንብት። ስትቆርጡ ግን ዓይናችሁን ጠብቁ። ወተቱ ዓይን ከገባ ቀልድ አይደለም፣ ልጆች አጠገብ አይቆረጥም።

ሁለት ነገር አትትከሉ። አንደኛ የወፍ ቆሎ፣ አበባው ያምራል፣ ወፍ ዘሩን ትበትነውና ማሳውን ይወርሰዋል። ሁለተኛ ፕሮሶፒስ። አፋር ላይ ያደረገውን ጠይቁ፣ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ብለው ያመጡት ዛፍ ነው የግጦሽ መሬቱን የዋጠው። ባህር ዛፍም ወሰን ላይ አይተከል፣ ጎረቤት ማሳ ላይ ምንም አይበቅልም፣ ክልሎችም ከወሰን መራቅ ያለበትን ርቀት በደንባቸው ይወስናሉ።

ጠበቃ_ነኝ_ግን
ለገጠሩ አንዲት ነገር። አጥር የለህም ተብሎ ሰብልህ መበላቱ አንተ ላይ አይላከክም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 ከብቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው የከብቱ ባለቤት ነው። ሰብሉ የተበላ ቀን ኮሚቴው ወይም ሽማግሌ አይቶ ይገምት፣ በማግስቱ ምልክቱ ይጠፋል። ብዙ ገበሬ ግን ከብት ሲገባበት በድንጋይ ፈንክቶ ራሱ ባለዕዳ ይሆናል።

ደጃፍ_ጠባቂ
ሰንሰል፣ ተባረክ፣ አባቴ ይሄን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ደብተሩ የሁለተኛው ደረጃ ነው፣ ካርታ አለው። ግን አንድ ወሬ አለ። አካባቢው ወደ ከተማ ሊካለል ነው ይባላል። ጎረቤቶቹ «ቶሎ ግንብ አጥር ሥራ፣ ካሳ ይጨምርልሃል» እያሉት ነው።

ጠበቃ_ነኝ_ግን
ይህን ምክር የሚሰጥ ሰው ብሎኬት ሻጭ ካልሆነ ገርሞኛል። ቦታው ይነሳል የሚል ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ የተሠራ ነገር ካሳ አይታሰብለትም። ከዚያ በፊትም ቢሆን በእርሻ መሬት ላይ ድንገት የበቀለ ግንብ ገማቾቹ ሲያዩት ምን እንደሆነ ያውቁታል። አባትህ ሰንሰሉን ይትከሉ። ቋሚ ተክልም ሲገመት ይቆጠራል።

ካብ_ሠሪ
ድንጋይ ያለበት አገር ከሆነ ድንጋይ ካቡ። ኮንሶ ብትሄዱ ያለ ሲሚንቶ ያለ ጭቃ የተካበ ድንጋይ ዘመናትን ተሻግሮ እርከኑንም መንደሩንም ይዞ ቆሟል፣ ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. የመዘገበው በከንቱ አይደለም። ሚስጥሩ ውሃ በመሃሉ ስለሚያልፍ ነው። ብሎኬት20 «ቀዳዳ ተው» ያለውን ነገር ካብ በራሱ ይዞት ይወለዳል።

ብሎኬት20
@ካብ_ሠሪ እውነትህን ነው፣ ግን ከተማ ውስጥ ካብ ወፍራም ነው፣ ቦታ ይበላል። እኛ በ40 ሳንቲ እየተካሰስን ነው 😄

የኮንዶ_ስደተኛ
አጥር ስላለኝ አይደለም የምጽፈው፣ የለኝም። ግን በመንገድ በኩል ያለውን ማንም አልተናገረም። አዲስ አበባ ውስጥ በ2016 ከተጀመረው ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ በዋና መንገድ ዳር ብዙ ድፍን አጥር ፈርሶ በፍርግርግ ተተክቷል። ሌሎች ከተሞችም እየተከተሉ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊቱን ድፍን ብሎኬት ከማድረግህ በፊት መንገዱ በፕላን ምን እንደሆነ ጠይቅ። ይሰፋል ከተባለ አዲሱ አጥር ከአሁኑ መስመር ወደ ውስጥ ሊገባ ነው።

ብሎኬት20
ትክክል። በመንገድ በኩል እስከ ወገብ ብሎኬት፣ ከዚያ በላይ ፍርግርግ ብረት ብታደርግ ሁለቱንም ታገኛለህ። ነፋሱም አይገፋውም። ማዕዘን ላይ ያለ ግቢ ከሆነ ደግሞ መኪና የሚያዞር ሰው ከወዲያ የሚመጣውን ማየት አለበት፣ ድፍን አጥር አደጋ ነው።

ኮርኒስ
በነገራችን ላይ አጥር አናት ላይ ጠርሙስ የምትሰኩ ሰዎች፣ ለምን? ሌባው ጆንያ ጣል አድርጎበት ይገባል። የሚቆረጠው ኳስ ሊያመጣ የወጣ የጎረቤት ልጅ ነው።

ጠበቃ_ነኝ_ግን
እውነት ነው። ደግሞ ልጁ ከተጎዳ ተጠያቂው አንተ ልትሆን ትችላለህ። ሬዘር ሽቦም ብትዘረጋ ወደ ራስህ ግቢ ያዘንብል እንጂ ወደ ጎረቤት ወይ ወደ መንገድ አይውጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ባለንብረት መብቱን ጎረቤቱን በሚጎዳ መንገድ እንዳይጠቀም ይከለክላል። ጭሱም፣ ድምፁም፣ ሽታውም እዚያ ነው የሚገባው።

ደጃፍ_ጠባቂ
ዜና አለኝ። እቴቴ እንዳሉት ሽማግሌ ይዘን ሄድን። ጋሼ መጀመሪያ አኮረፉ፣ ከዚያ የሳቸውም ካርታ ወጣ። የሁለቱ መስመር አንድ ነው! ማለትም 40 ሳንቲዋ የእኛ ናት። ግን እዚያች ላይ የሎሚ ዛፍ አላቸው፣ ግንዱ መስመሩ ላይ ነው። ወጪ በጋራ፣ አጥሩ መሃል ወሰን ላይ፣ ሎሚዋ ጋ ሲደርስ ግን በእኛ በኩል ዞሮ እንዲያልፍ ተስማማን። ወንድሜ አሁንም እያጉረመረመ ነው።

ቀያሹ
ደስ ይላል። ግን አጥሩ የሚዞርበትን ነገር በወረቀት አስፍሩት። ሦስት ነገር ይግባ፦ ትክክለኛው ወሰን ካርታው ላይ ያለው መሆኑ፣ አጥሩ የሚዞረው ለዛፉ ሲባል ብቻ መሆኑ፣ ዛፉ ሲሞት ወይም ሲቆረጥ አጥሩ ወደ መስመሩ እንደሚመለስ። ከጎኑ ንድፍ ይሳል፣ ልኩ ይጻፍ። ጋሼም አንተም ምስክሮችም ፈርሙበት። ዛሬ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ቤቱን የሚገዛው ሰው ግን አያውቀውም።

ጠበቃ_ነኝ_ግን
ፈቃድ ስትጠይቅም ንድፉን በዚያው መልክ አቅርበው። ፈቃዱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ተስሎ መሬት ላይ የተጠማዘዘ አጥር ከተገኘ ተቆጣጣሪው «ከፈቃድ ውጭ» ብሎ ሊጽፍብህ ይችላል።

ደጃፍ_ጠባቂ
እሺ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከዚያ አላስቸግራችሁም። የግቢው በር ወደ ውጭ ቢከፈት ችግር አለው? ግቢው ጠባብ ነው፣ መኪና ሲገባ ወደ ውስጥ አይመችም።

ብሎኬት20
ወደ ውጭ አይከፈትም። የእግረኛ መንገድ ላይ ላሜራ በር ስትወረውር ሰው ትመታለህ፣ ፈቃድ ሰጪውም አይቀበልህም። ተንሸራታች አድርገው፣ ከአጥሩ ጋር ተደግፎ የሚሄድ። ለዚያ ግን በሩ የሚንሸራተትበት ጎን ላይ የበሩን ስፋት ያህል ቀጥ ያለ አጥር ያስፈልግሃል፣ ስለዚህ ኮለኑን ከማቆማችሁ በፊት ለግንበኛው ንገረው። መኪና መግቢያው ሥር ያለውን የጎርፍ ቦይ ደግሞ በአፈር እንዳትደፍነው፣ ቱቦ አስገብተህ ከላይ ኮንክሪት አድርግበት።

ቆርቆሮ_ለዘላለም
ያረጀውን ቆርቆሮ ምን ልታደርገው ነው? የማትፈልገው ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ደጃፍ_ጠባቂ
@ቆርቆሮ_ለዘላለም ከታች የዛገውን ቆርጠህ ከወሰድከው ያንተ ነው። ፈቃዱ በእጄ ሲገባ እደውልልሃለሁ።